ስለ ሁለገብ ጊታር የሚወራውና እውነታው

ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ድጋፍ) ጋ ሃምበከር፣ መሃሉና አንገቱ ጋ ሲንግል ኮይል (ሁለቱም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ፒክአፖች ናቸው)፣ ፒክአፕ የሚመርጥ ባለ አምስት ቦታ ስዊች፣ ሃምበከሩን ከሁለት የሚከፍል ማዞሪያ፣ ቀጠን ያለ አንገት። «ዘመናዊ ሁለገብ ኤሌክትሪክ ጊታር» ሲባል በብዛት ይሄ ነው። ከገዙት ሰዎች ግማሹ «ከዚህ በኋላ ሌላ ጊታር ምን ሊሠራልኝ» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «ሁሉን ነካክቶ አንዱንም አያውቅም» ይላል። እኔ ይህን ዓይነት ጊታር እወደዋለሁ። ግን ሁለቱም ወገን የሚያወራው ውስጥ ብዙ ስህተት አለ።

«ሃምበከሩን ከከፈልኩት ሲንግል ኮይል ሆነልኝ»

አልሆነም። ሃምበከር ማለት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ናቸው፤ ሲንግል ኮይል ባለ አንድ ጥቅልል ነው። የአንዱ አጠማዘዝና የማግኔት አቅጣጫ የሌላው ተቃራኒ ስለሆነ ከመብራት መስመር የሚመጣው እምምም የሚል ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሴዝ ላቨር ጊታር ሠሪው ጊብሰን ቤት ሆኖ በ1955 እ.ኤ.አ. ይህን ፒክአፕ የሠራውም ያንን ሁካታ ለማጥፋት ነበር። ከፍላችሁ አንዱን ጥቅልል ስታጠፉት ታዲያ ሁካታው ይመለሳል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል።

ይሄ ብቻ አይደለም። ስትራቶካስተር የሚባለው ጊታር ላይ ባለው ዓይነት ሲንግል ኮይል ከእያንዳንዱ ክር ሥር የቆሙት ዘንጎች ራሳቸው ማግኔት ናቸው፤ ሃምበከር ላይ ግን ማግኔቱ ከሥር የተጋደመ ነው፣ የቆሙት ብሎኖች ተራ ብረት ናቸው። በዚያ ላይ አንዱ ጥቅልል ብቻውን የሚይዘው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ሲንግል ኮይል ያነሰ ነው። የሚወጣው ሳሳ ያለ፣ የራሱ የሆነ ድምፅ ነው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከኪቦርድና ከሌላ ጊታር ጋር ስትጫወቱ ያ መሳሳቱ ለሌሎቹ ቦታ ይለቃል፣ የሚያስጠላው ብቻችሁን ስትሞክሩት ነው።

«24 ፍሬት ያለው ከባለ 22ቱ በሁለት ፍሬት ነው የሚለየው»

ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ቁጥራቸው ሌላም ነገር እንደሚቀይር ብዙ ሰው አያስተውለውም። 24ኛው ፍሬት የሚያርፈው ከብሪጁ ሲለካ የክሩ ርዝመት ሩብ ላይ ነው። ባለ 22ቱ ላይ የአንገቱ ፒክአፕ የሚቀመጠው እዚያው አካባቢ ነው። ፍሬቶቹ ቦታውን ሲይዙት ፒክአፑ ወደ ብሪጁ መገፋቱ ግድ ነው፤ በተገፋ ቁጥር ደግሞ ያ ሞቅ ያለ፣ ዋሽንት ዋሽንት የሚለው ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል። ሰውየው «ፒክአፑ ሙቀት የለውም» ብሎ ይቀይረዋል። ቀይሮም ያው ነው። ቦታው ነዋ!

«ኪሎ ኦሙ የበዛ ፒክአፕ ጉልበቱም የበዛ ነው»

ኪሎ ኦም ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። ሽቦው ስለቀጠነ ብቻ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ማግኔቱና የዙሩ ብዛት ካልታወቀ ቁጥሩ ብዙም አይናገርም።

«የማይዝግ ብረት ፍሬት ድምፁን ያሾለዋል»

እኔ አምፑ (የድምፅ ማጉያው) ከፍ ሲል ልዩነቱን ሰምቼ አላውቅም። የሚታወቀው በጣት ነው፤ ክር ስትገፉ ያንሸራትታል፣ ፍሬቱም ቶሎ አይበላም። (በነገራችን ላይ የተለመደው ፍሬት «ኒኬል ሲልቨር» ቢባልም ቅንጣት ብር የለበትም። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው።)

«ክር የሚቆልፍ ትሬሞሎ ካለው ከቅኝት ጋር መጣላት አበቃ»

ክር እስኪበጠስ ድረስ! ትሬሞሎ በእጀታ ክሩን አላልቶና አጥብቆ ድምፁን የሚያወዛውዝ ብሪጅ ነው። ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው የሚቆልፍ ዓይነት ክሩን በሁለቱም ጫፍ ስለሚቆልፈው እጀታውን ብታንገላቱትም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ተንሳፋፊ ከሆነ ግን ብሪጁን ያቆመው በአንድ በኩል የክሮቹ፣ በሌላ በኩል ከጀርባ ያሉት ስፕሪንጎች ጉተታ ነው። አንዴ ሶሎ መሃል ቀጭኗ ክር ተበጠሰችብኝ፣ ስፕሪንጎቹ አሸነፉና የቀሩት አምስቱም ድምፃቸው ሽቅብ ወጣ፣ የቀረውን ዘፈን እጄን አጣጥፌ ዘፋኙን እያየሁ ጨረስኩት። ቅኝት ቶሎ ቶሎ የምትቀያይሩ ከሆነም የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ይሻላችኋል፤ እዚህኛው ላይ አንዱን ክር ስታላሉት ሌሎቹም አብረው ከቅኝታቸው ይሸሻሉ።

«ውድ ከሆነ ከካርቶኑ እንደወጣ ይጫወታል»

የመጀመሪያ ቀን ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። እንጨት እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል፤ አንገቱም አብሮ ይጎብጣል። ክሩ ዝዝዝ ካለ ወይም ከፍሬቱ ከራቀ ጊታሩን ከመስደባችሁ በፊት ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ) አስተካክሉት። የተጠበሰ (በሙቀት የደረቀ) የሜፕል እንጨት አንገት ቢሆንም መንቀሳቀሱ ያንሳል እንጂ አይቀርም። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩና (ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ ስታደርጉት የሚወጣው ድምፅ) ተጭኖ የሚወጣው ድምፅ ካልገጠሙ ደግሞ ጥፋተኛው ሳድሉ (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ትንሽ ብረት) ነው። የተጫነው ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ ሳቡት።

«ሲንግል ኮይሎቹ ጆሮ ይወጋሉ፣ ርካሽ ናቸው»

ርካሽ ስለሆኑ ላይሆን ይችላል። ለሃምበከር የተለመደው የቮልዩም ፖት (የድምፅ መጠን ማዞሪያው) 500 ኪሎ ኦም ነው፣ ለሲንግል ኮይል 250። ሁለቱ አንድ ፖት ሲጋሩ አምራቹ ብዙ ጊዜ ለሃምበከሩ ያደላል። 250ው የሚያለዝበው የላይኛው ስለት በ500 ሳይለዝብ ያልፋል። አዲስ ፒክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት የቶን ማዞሪያውን ወደ 7 አውርዱና አንድ ሳምንት ተጫወቱበት።