ቮልታ ዶ ማር ምንድን ነው?

ቮልታ ዶ ማር በፖርቱጋልኛ «የባሕር መልስ» እንደ ማለት ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወደ ሊዝበን ለመመለስ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መርከበኞች የደረሱበት፣ ሲያዩት ግን ከአገር የሚያርቅ የሚመስል የጉዞ መስመር ነው።

ፖርቱጋሎች ወደ ደቡብ ለምን እንደወረዱ ብዙ ተብሏል። ሰሃራን በግመል አቋርጦ የሚመጣውን ወርቅ ከምንጩ ለመግዛት፣ ባሪያ ለመነገድ፣ በኋላም ለሕንድ ቅመም። ከሙስሊም መንግሥታት ጀርባ አለ የተባለውን ክርስቲያን ንጉሥ፣ «ቄስ ዮሐንስን»፣ ማግኘትም ይፈልጉ ነበር። ለዚሁ በ1487 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ እኛው አገር ደርሶ በዚያው ቀረ። እሱን ያስቀረው እንኳ ነፋስ ሳይሆን እንዳይወጣ የከለከለው ቤተ መንግሥት ነው።

መርከበኞቹን ያስቸገረው ግን ነፋስ ነበር። ከሞሮኮ በታች ነፋሱም የውቅያኖሱ ጅረትም ወደ ደቡብ ምዕራብ ይገፋሉ። ሲሄዱ ከኋላ የሚነዳው ነፋስ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ካራቬል የምትባለው ቀላል መርከብ በሦስት ማዕዘን ሸራዋ ግራና ቀኝ እየተመላለሰች ነፋስን ተቃውማ መውጣት ብትችልም፣ ጅረቱ ያተረፈችውን መንገድ ይበላባታል።

መፍትሔው ጠረፉን መተው ነው። ከጊኒ ሲነሱ የሰሜን ምሥራቁን ነፋስ በቀኝ ጎን ተቀብሎ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጥልቁ ባሕር መግባት። መሬት ለሳምንታት አይታይም። አዞረስ ደሴቶች ወዳሉበት ወደ 38 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት በዲግሪ ሲለካ) ሲቃረቡ ነፋሱ ከምዕራብ ይመጣል፤ ያኔ ወደ ምሥራቅ መዞር ነው። ሊዝበንም ከ38 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብላ ስለምትገኝ በዚያው መስመር መንዳት ይበቃል።

ዲግሪውን የሚያውቁት የሰሜን ኮከብን ከፍታ በኳድራንት ለክተው ነው። ኳድራንት የክብ ሩብ ሆኖ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ክር የተንጠለጠለበት መሣሪያ ነው፤ በአንዱ ጠርዝ ኮከቡን እያነጣጠሩ ክሩ ያረፈበትን ቁጥር ያነባሉ። መርከብ ሲናወጥ ክሩም ስለሚወዛወዝ ልኬቱ በዲግሪዎች ሊሳሳት ይችላል። ከዚህ ስሕተት የባሰው ቶሎ መዞር ነው፤ 30 ዲግሪ አካባቢ ነፋስ የሚሞትበት ቀጠና ስላለ፣ ሸራው ተንጠልጥሎ ሲቀር በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ያልቃል።

ኮሎምበስ በ1493 ከካሪቢያን የተመለሰው በዚሁ ብልሃት ወደ ሰሜን ወጥቶ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ ደግሞ በ1497 ወደ ደቡብ ገለበጠው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ፊት ለፊት ካሉት የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ተነስቶ የደቡብ አፍሪካን ጠረፍ እስኪያይ ሦስት ወር መሬት አላየም። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ግን ወቅቱን አልጠበቀም። በዛሬዋ ኬንያ ጠረፍ ካለችው ማሊንዲ ሕንድ የደረሰው አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ሲሆን፣ ሲመለስ በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚቀይረው የሞንሱን ነፋስ ሳይዞርለት ስለወጣ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣው ስከርቪ የተባለ በሽታ ሰዎቹን ስለጨረሳቸው ለሦስት መርከብ የሚበቃ መርከበኛ ጠፋ፤ ሳን ራፋኤል የተባለችውን ራሳቸው አቃጥለው በሁለቱ ቀጠሉ።