የጉበት ጥንካሬ ምርመራ፦ ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

ቃሉ ራሱ ሰውን ያሳስታል። «ጉበትህ ጠንካራ ነው» ቢባል ምርቃት ይመስላል። እዚህ ግን ጥንካሬ ማለት መጠጠር ነው። ጤነኛ ጉበት ለስላሳ ነው። ለዓመታት ሲቆስልና ሲሽር ጠባሳ ይይዛል፤ ጠባሳው ደግሞ ያጠጥረዋል። ይህን መጠጠር ያለ መርፌ የሚለካው የአልትራሳውንድ ምርመራ ኢላስቶግራፊ ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ፋይብሮስካን በሚለው የአንዱ መሣሪያ ስም ነው። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ኪሎፓስካል በሚባል የመጠጠር መለኪያ ይጻፋል። ወረቀቱ እጁ የገባ ሰው ቁጥሩን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ የተሳሳተውም ነገር ከዚያ ይጀምራል።

«መሣሪያው ጠባሳውን ያያል»

አያይም። ፋይብሮስካን በቀኝ በኩል፣ በጎድን አጥንቶች መሃል፣ ቆዳውን መታ ያደርጋል። ከምቱ የተነሳው ሞገድ ጉበት ውስጥ ሲጓዝ አልትራሳውንዱ ፍጥነቱን ይለካል። በለስላሳ ጉበት ውስጥ ሞገዱ ያዘግማል፣ በጠጠረው ውስጥ ይፈጥናል። ኪሎፓስካሉ የሚሰላው ከዚህ ፍጥነት ነው።

እንግዲህ ጉበቱን ያጠጠረው ምንም ይሁን ምን፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በአጣዳፊ ሄፓታይተስ (ድንገተኛ የጉበት ብግነት) ያበጠ ጉበት ይጠጥራል። የሐሞት መውረጃው የተዘጋበትም እንዲሁ። ልብ ደክሞ ደም ጉበት ውስጥ ሲያቁርም ያው ነው። አልኮል በብዛት እየጠጣ የተለካ ሰውም ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል። አጣዳፊ ሄፓታይተስ ላይ ያለ ሰው ሲሮሲስ፣ ማለትም ጠባሳ ጉበቱን የወረሰበት የከፋ ደረጃ፣ የሚመስል ውጤት አይቶ ሊደነግጥ ይችላል፤ ብግነቱ ሲበርድ ግን ቁጥሩ ይወርዳል። የጉበት ኢንዛይሞች በጣም ከፍ ባሉበት ሰዓት የተወሰደ ልኬት በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ለዚህ ነው።

«ምግብ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

ከተበላ በኋላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ ጉበቱም ለጊዜው ይወጠራል። መመሪያዎቹ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሳይበሉ መቆየትን ይጠይቃሉ። «ትንሽ ነገር ብቻ ነው የቀመስኩት» ማለት አያዋጣም፤ መንገር ይሻላል። በሚለካበት ጊዜ አየር በደንብ ስቦ መያዝም ቁጥሩን ሊቀይረው ስለሚችል፣ በተለመደው አተነፋፈስ መሃል ለጥቂት ሴኮንድ ትንፋሽን መያዝ ይበቃል።

እስካሁን የቆጠርናቸውን ልብ ይበሉ። ሁሉም ቁጥሩን የሚገፉት ወደ ላይ ነው። በሥርዓቱ ተለክቶ ዝቅ ያለ ውጤት ከፍ ካለው ይልቅ የሚታመነውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ቁጥሩ ከፍ ካለ ሲሮሲስ ነው»

ባቬኖ 7 የሚባለው የባለሙያዎች ስምምነት ለፋይብሮስካን ዓይነቱ መሣሪያ ቀለል ያለ መስመር አስምሯል። ሌላ ምልክት ከሌለ፣ ከ10 ኪሎፓስካል በታች ከሆነ የከፋ የጉበት በሽታ የለም ማለት ይቻላል። ከ10 እስከ 15 ያጠራጥራል፣ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ከ15 በላይ ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። ምርመራው በሁለቱ ጫፍ ጎበዝ ነው፤ መሃል ላይ ይደናገራል። ሲሮሲስ የለም ለማለት እንጂ መካከለኛውን የጠባሳ ደረጃ ከቀጣዩ ለመለየት ብዙ አይታመንም። ስለዚህ 8 ያገኘ ሰው 7 ካገኘው ጓደኛው ጋር ባይፎካከር ደስ ይለኛል።

«አሥር ጊዜ የሚለኩት መሣሪያው ስለማይሠራ ነው»

እንዲያውም አንዴ ለክተው ቢሸኙዎት ነበር መጠርጠር። በፋይብሮስካን 10 ጥሩ ልኬቶች ይወሰዳሉ፤ ውጤት ተብሎ የሚጻፈው በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው ነው። አጠገቡ አይኪውአር የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፤ ልኬቶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደተራራቁ ይናገራል። ከዋናው ውጤት 30 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለምሳሌ ውጤቱ 12፣ አይኪውአሩ 2 ከሆነ 17 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥሩ ነው። ውጤቱ 12 ሆኖ አይኪውአሩ 6 ከሆነ ግን ግማሽ ሆነ፤ ይደገም። እኔ ብሆን ከዋናው ቁጥር በፊት የማየው ይህችን ነው።

«የትም ቢለኩት ያው ነው»

አይደለም። መሣሪያዎቹ ሞገዱን የሚፈጥሩበት መንገድ ይለያያል። አንዳንዶቹ ውጤቱን በሜትር በሴኮንድ ይሰጣሉ። በአንዱ 9፣ በሌላው 11 ኪሎፓስካል ቢመጣ በሽታው ባሰ ማለት ላይሆን ይችላል። ለክትትል በተቻለ መጠን ያው መሣሪያ፣ ያው ዝግጅት።

«ወፍራም ሰው ላይ አይሠራም»

ያስቸግራል እንጂ አይከለክልም። ከቆዳ እስከ ጉበት ያለው ርቀት ከ25 ሚሊሜትር ሲበልጥ ለዚያው የተሠራ ትልቅ መለኪያ አለ። እውነተኛው እንቅፋት ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ከቆዳ ላይ የተነሳው ምት በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። ሞገዱን እዚያው ጉበት ውስጥ የሚፈጥሩት ሌሎቹ የኢላስቶግራፊ ዓይነቶች ግን ውሃ እያለም ሊለኩ ይችላሉ።

«እውነቱ ያለው ባዮፕሲ ላይ ብቻ ነው»

በባዮፕሲ ለምርመራ በመርፌ የሚወጣው ናሙና የጉበቱ ሃምሳ ሺህኛ ያህል ነው። ጠባሳ ደግሞ በየቦታው እኩል አይሰራጭም፤ መርፌው ደህናውን ቦታ ሊያገኝ ይችላል። ፋይብሮስካን የሚለካው ከዚያ ቢያንስ 100 እጥፍ የሚሰፋ ቦታ ነው። ጉበቱ ለምን እንደታመመ ግን አይነግርም። ምክንያቱ ግራ ሲያጋባ ባዮፕሲ አሁንም ይፈለጋል።

«ቁጥሩ ወረደ፣ ዳንኩ»

ይህ በተለይ ከሄፓታይተስ ሲ ሕክምና በኋላ ይሰማል። ቫይረሱ ሲጠፋ ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚበርደው ግን ብግነቱ ነው። ጠባሳው፣ የሚቀንስ ከሆነም፣ ዓመታት ይወስድበታል። ከሕክምናው በፊት ሲሮሲስ የነበረበት ሰው ቁጥሩ ቢያምርም በየ6 ወሩ የሚደረገውን የጉበት ካንሰር ክትትል አያቋርጥም። ያ ክትትል የሚደረገው በተለመደው አልትራሳውንድ ነው፤ የጥንካሬ መለኪያው ዕጢ አይፈልግም።