ጥሬ ገንዘብና ቫውቸር በልማታዊ ሴፍቲኔት

ልማታዊ ሴፍቲኔት ዓመት በመጣ ቁጥር የምግብ እጥረት የሚገጥማቸው ቤተሰቦች በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል የሚደገፉበት የኢትዮጵያ መንግሥት ፕሮግራም ነው። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አቅፏል። መነሻው ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ የጠበቀበት የ1995ቱ ድርቅ ነው። ቀደም ሲል በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ይቀርብ፣ ስንዴም በመርከብ ይጓጓዝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግን ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ነው።

አዲሱ አሠራር ገበያ ባለበት ሁሉ ቅድሚያ ለጥሬ ገንዘብ ሰጠ። እህል ከተረፈበት አካባቢ ወደጎደለበት ነጋዴው ራሱ ያመጣዋል የሚል እምነት ነበር። የቀን ክፍያው 6 ብር የተደረገው ያኔ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብ ነበር፤ ይህም 30 ብር ሲሆን በዓመት ለ6 ወራት ይከፈል ነበር። መሥራት የሚችሉት እርከን ይሠራሉ፣ ኩሬ ይቆፍራሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ። አረጋውያንና ጉልበት የሌላቸው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ብሩን ገጠር ድረስ ይዞ የሚወርደው የወረዳው ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ለዚህ ሥራ የሚገባው ምስጋና እምብዛም አልተጻፈም።

ፈተናው በ2000 ዓ.ም. መጣ። የእህል ዋጋ ሲንር ክፍያው ወደ 8 ብር፣ በ2002 ደግሞ ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ቀድሞት ሄዶ ነበር። ብር ይሻለናል ይሉ ከነበሩት ብዙዎቹ እህል መምረጥ ጀመሩ። በበርካታ ወረዳዎች ክፍያው ተቀላቀለ፦ እህል ርካሽ በሆነባቸው የመከር ማግሥት ወራት ብር፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት እህል።

ክፍያው ራሱ የአካባቢውን ዋጋ ያንራል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው፤ መልሱ እንደ ገበያው ስፋት የሚለያይ ይመስላል። ጥገኝነትን ያስለምዳል የሚለው ወቀሳ ግን ሚዛን አይደፋም፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው የሠራበትን ነው የተቀበለው።

በ2009 ዓ.ም. ፕሮግራሙ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ።

ቫውቸር፣ ማለትም በጥሬ ገንዘብ ፋንታ የተወሰነ ዕቃ ብቻ መግዣ የሚሆን ማረጋገጫ፣ በአንጻሩ ጠበብ ያለ ድርሻ አለው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በአማራ ክልል ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ከ2 ዓመት በታች ሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦች በሞባይል ስልክ የሚላክ የትኩስ ምግብ ቫውቸር ሞክሯል። እናቲቱ አትክልት፣ ፍራፍሬና እንቁላል የምትወስደው ውል ከገባ የአካባቢው ቸርቻሪ ብቻ ነበር፤ ቫውቸሩ ወደ ብር አይመነዘርም ነበር።