ባርባራ ጆርዳን ሴናተር የነበሩት የት ነው?

«ሴናተር» የሚል ቃል ስንሰማ አብዛኞቻችን ሐሳባችን ቀጥታ ዋሽንግተን ይሄዳል። ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ ፖለቲከኛ ባርባራ ጆርዳን ከሚወራው ስህተት ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው። የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የአሜሪካ ሴናተር ነበሩ።» ሴናተር የነበሩት በቴክሳስ ግዛት፣ 31 አባላት ባሉት ምክር ቤት ነው። በ1973 ዋሽንግተን ሲገቡም የገቡት ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የግዛቱ ሥራ ታዲያ የሚያንደላቅቅ አልነበረም፤ መደበኛው ጉባኤ በሁለት ዓመት አንዴ ለ140 ቀን ይቀመጣል፣ ደመወዙ ያኔ በዓመት 4,800 ዶላር ነበር።

«አንደበተ ርቱዕ ስለሆኑ ወዲያው ተመረጡ።» አንደበቱስ ነበራቸው፤ ግን በ1962 ለግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ፣ በ1964ም እንደገና። በወላጆቻቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጥብቅና የጀመሩ ወጣት ነበሩ። ያሸነፋቸው የምርጫው አሠራር ነው። ሂውስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ በሙሉ እንደ አንድ ወረዳ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ጥቁሮች የሚበዙበት ሰፈራቸው የፊፍዝ ዋርድ ድምፅ በነጮቹ ብዛት ይዋጥ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወረዳዎች በሕዝብ ቁጥር ይካለሉ ብሎ ከወሰነ በኋላ ግን ሰፈሩ አዲስ የሴኔት ወረዳ ውስጥ ገባ። በ1966 አሸነፉ። ከ1883 ወዲህ በዚያ ሴኔት የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም።

«የቴክሳስ ገዥ ሆነዋል።» ለአንድ ቀን፣ ጁን 10 ቀን 1972። የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት አንድ ቀን ገዥ ሆኖ መዋሉ የቆየ የክብር ልማድ ነው፤ ያኔ ቦታው የጆርዳን ነበር። ሰባኪው አባታቸው ይህን ሊያዩ መጥተው ነበር። በማግስቱ አረፉ።

«ኒክሰን ይውረዱ ብለው ጮኹ።» ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ከሥልጣን ይነሱ ወይ ተብሎ በምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሲመከር፣ ጆርዳን ጁላይ 25 ቀን 1974 የተናገሩትን ያዳመጠ ሰው እንዲህ አይልም። በዝግታ፣ በዚያ ከባድ ድምፃቸው፣ «እኛ ሕዝቦች» የሚለው የሕገ መንግሥቱ መክፈቻ ሲጻፍ እኔ አልተካተትኩም ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ፕሬዚዳንት ስለሚከሰስበት ምክንያት የአገሪቱ መሥራቾች ያሉትን እያነበቡ ከፕሬዚዳንቱ ድርጊት ጎን አስቀመጡት። ማገናዘቡን ለአድማጩ ተዉት።

«ከወግ አጥባቂዎች ጋር አይቀመጡም ነበር።» እንዲያውም የሚወቀሱት አብዝተው በመቀመጣቸው ነው። ለእኔ ግን ጉልበታቸው እዚያ ነበር፤ የፌዴራሉ ሕግ ላልሸፈናቸው ሠራተኞች የደመወዝ ወለል የሚያስቀምጥ የግዛት ሕግ ያሳለፉት በነዚያ ሰዎች ድምፅ ነው። በ1975 የኒክሰን የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ጆን ኮናሊ በጉቦ ክስ ሲዳኙ እንኳ ጆርዳን ፍርድ ቤት ቀርበው ስለ መልካም ስማቸው መሰከሩላቸው። ኮናሊ በነፃ ተሰናበቱ።