የሞተር ብሎክ ክዳን ሲያፈስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሞተር ብሎክ (በሞተሩ ዋና አካል) ጎን ላይ ተመትተው የገቡ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ እንዳይወጣ የሚይዙ ጎድጎድ ያሉ ክብ የብረት ክዳኖች አሉ፤ ፍሪዝ ፕላግ ይባላሉ። አንዱ ማፍሰስ ሲጀምር ባለመኪናው የሚሰማው ምክር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ገንዘብ ያስባክናል።

«ውሃው በረዶ ሲሆን ወጥተው ብሎኩን ከመሰንጠቅ ለማዳን የተሠሩ ናቸው፤ በአዲስ አበባ አየር አያሰጉም።» ስሕተት ነው። ብሎክ የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ሲሠራ የውስጡ አሸዋ የሚራገፍበት ቀዳዳ ይቀራል፤ ክዳኑ እሱን ይደፍናል። የሚበላውም ብርድ ሳይሆን ዝገት ነው፣ ያውም ከውስጥ ወደ ውጭ። ለዓመታት ውሃ ብቻ በተሞላ ሞተር ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ ዝገት የሚከላከለው ኩላንቱ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) ነውና።

«ላዩን በብረት ሙጫ መለጠፍ ይበቃል።» አይበቃም። ሙጫው የተደገፈበት ብረት ራሱ ሳስቷል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ በብዙ መኪኖች ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ከውስጥ ይገፋዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሞተሩ መውረድ አለበት» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ወይም የጭስ ማውጫውን ማኒፎልድ ማንሳት፣ አለዚያም ሞተሩን በክሪክ ደግፎ አንዱን የሞተር መቀመጫ መፍታት በቂ ነው። ክዳኑ በካምቢዮው በኩል ከሆነ ግን ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። መዶሻ የሚወነጨፍበት ስፍራ ከጠፋ፣ በሁለት ሮንዴላዎች መካከል ጎማ ያለው ክዳን ይገጠማል፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ተጨምቆ ይሰፋና ቀዳዳውን ይይዛል። ይህን መግጠም ነውር ነው ብዬ አላምንም፤ ጎማው በሙቀት ስለሚደርቅ ግን በየጊዜው መታየት አለበት።

«አሮጌውን መትቶ ወደ ውስጥ መጣል ነው።» ይህ አደገኛ ነው፤ ውሃ መተላለፊያው ውስጥ ወድቆ ዝውውሩን ሊያውክ ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ውሃው ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ጫፉ ደንዳና በሆነ ብረት አንዱን ጠርዝ ብቻ ይምቱ። ክዳኑ ዞሮ በጎኑ ሲቆም በፒንሳ ይሳባል። ቀዳዳውን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ፤ ስስ ማስቲሽ ይቀቡ፤ አዲሱን በውስጡ በሚገጥም የመፍቻ ሶኬት ቀጥ አድርገው ይምቱት። ተንጋዶ ከገባ ለማቃናት አይታገሉ፤ አውጥተው ሌላ አዲስ ያስገቡ። ነሐስ ካገኙ ይምረጡት፣ እንደ ብረት አይዝግም። ቦታው ተከፍቶ ሳለም አጠገቡ ያሉትን አብረው ይቀይሩ፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው።