የሄይቲ «ድርብ ዕዳ» ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፦ ካሳ ያስከፈለችው ፈረንሳይ፣ የከፈለችው ሄይቲ ናት። የካሪቢያኗ ሄይቲ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። እዚያ በባርነት የተያዙት ሰዎች ተዋግተው በ1804 እ.ኤ.አ. ነፃነታቸውን አወጁ። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ አሥረኛ የጦር መርከቦች ላከ። ነፃነታችሁን የምቀበለው 150 ሚሊዮን ፍራንክ ስትከፍሉ ነው አለ። ገንዘቡ ለቀድሞዎቹ ባለ እርሻዎች ነበር። የመሬቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሲያስቡት ያማል፣ ነፃ የወጡት ሰዎች ዋጋም ተሰልቶበታል።

«ድርብ» ያሰኘው ከዚያ የመጣው ነው። የመጀመሪያው ክፍያ 30 ሚሊዮን ፍራንክ ነበር። ሄይቲ ያን ያህል ስላልነበራት ከፓሪስ ባንኮች ተበደረች። ውሉ 30 ሚሊዮን ይላል። አበዳሪዎቹ ግን 6 ሚሊዮኑን ቀድመው ቆርጠው 24 ብቻ ሰጡ። ወለዱስ? በሙሉው 30 ሚሊዮን ላይ። እንግዲህ አንዱ ዕዳ ለቀድሞ ጌቶች፣ ሌላው ለባንኮች መሆኑ ነው። ይህን ዘሎ ሄይቲ ለምን ደኸየች ብሎ መጠየቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በ1838 ካሳው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ አለ። ብድሩ ግን ሌላ ብድር እየጠራ ቀጠለ። የመንግሥት ዋና ገቢ የቡና ቀረጥ ስለነበር፣ ሸክሙ ያረፈው ገበሬው ላይ ነው። ከዚህ ዕዳ የመነጨው የመጨረሻ ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው።