«ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች»፦ የአባባሉ ትርጓሜና የቤት ሠራተኛዋ ዕጣ

«ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሰምቶ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። አንዳንዱ «የተማመነች» ይላል፤ ሌላው «ከደጅ» በማለት ፈንታ «ከውጭ» ይላል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባለሥልጣን ወይም ባለገንዘብ ዘመድ አለኝ ብሎ ያለ ይሉኝታ የሚናገረውንና የሚዳፈረውን ሰው ለመንቀፍ ነው። በስብከት ላይ ደግሞ በፈጣሪ መታመንን ለማስረዳት በበጎ ጎኑ ሲጠቀስ ይሰማል። በከተማ መኖሪያ ቤቶች ግን ሌላም አገልግሎት አለው። የቤት ሠራተኛዋ አሠሪዋ ስትቆጣት መልስ ከሰጠች፣ እንግዳ ባለበት ከሳቀች ወይም እሑድን ልረፍ ካለች፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ወደ ባለቤቲቱ ዞር ብላ «አንቺ ነሽ ያጠገብሻት፤ ጌታዋን ያመነች በግ…» ትልና ቀሪውን ትተወዋለች፤ ሰሚው ይሞላዋል።

የአባባሉ መነሻ የደጋው በግ አርቢ ቤት ነው። እንደ መንዝ ባለው ብርዳም አገር ቀን በመስክ የዋለው መንጋ ሲመሽ ወደ ጋጣ፣ ወይም ሰው ወደሚያድርበት ቤት ይገባል፤ ምክንያቱም ብርዱ ብቻ ሳይሆን ጅቡም ጭምር ነው። ላት በበጓ ጭራ ላይ የሚጠራቀመው ስብ ነው፤ ሣር በሚደርቅበት ወራት ሰውነቷ ከዚያ እየቀነሰ ይሰነብታል። ገበያ ወርዶ በግ የሚገዛ ሰውም ወገቧንና ላቷን ሳይዳስስ ዋጋ አይናገርም። ስለዚህ ላቷን ከደጅ ያሳደረች በግ ተርፏት የጣለችው ነገር የለም፤ የክፉ ቀን ስንቋንና የዋጋዋን መለኪያ ነው አውሬ በሚዞርበት ቦታ የተወችው። ይህን የምታደርገው ደግሞ ጌታዋ ውሻ አስሯል፣ አጥር አጥሯል፣ ድምፅ ሲሰማ ይነሣል ብላ ነው።

አባባሉ በጓን ይወቅሳል፤ ወይም ቢያንስ ይቀልድባታል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ በር የመዝጋቱ ሥልጣን የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ማለፉ ነው። በግ በር አትዘጋም፤ ጋጣው ጠቦ ላቷ ደጅ ቢቀር የሚያሰፋው ባለቤቱ ነው፤ ጌታዋን ማመኗም ከብዙ አማራጭ መካከል የመረጠችው ነገር አይደለም። ምሳሌው ወደ ቤት ሠራተኛዋ ሲዞር የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። የሠራተኛዋ ደኅንነት ከሞላ ጎደል በአሠሪዋ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። «ጥሩ ሰው ቤት ነው የገባሁት» ስትል የምትገልጸው የሥራ ሁኔታዋን ሳይሆን ዕድሏን ነው።

ሕጉም ይህንኑ ያጸናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሥራ ወሰን ያስቀምጣል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ዕረፍት፣ ለምትወልድ ሠራተኛ በድምሩ 120 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለትም እንደ ቤት ሠራተኛዋ ያለውን፣ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ የእነዚህን ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ይተወዋል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም እንዲሁ ብሎ ነበር። ለቤት ሠራተኛዋ የሚቀራት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እርሱም ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች ይዟል፤ ነገር ግን የጽሑፍ ውል የሌላት ልጅ በእነዚያ ተመርኩዛ መደበኛ ፍርድ ቤት ትከስሳለች ብሎ መጠበቅ አገሩን አለማወቅ ነው።

አባባሉ ምን ያህል ቃል በቃል እንደሚሠራ ለማየት ደመወዟ የሚያዝበትን መንገድ መመልከት ይበቃል። በብዙ ቤቶች አንዲት ልጅ ከገጠር እንደመጣች «ገንዘብ በእጅሽ ይዘሽ ምን ታደርጊያለሽ? እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ትባላለች። በቅንነት የሚባልበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ በማስታወሻ ደብተር ወር በወር እየመዘገቡ፣ ልጅቱ አገሯ ስትገባ ሳንቲም ሳያጎድሉ የሚያስረክቡ እናቶች አሉ። ነገር ግን በዚያው ደብተር ላይ የተሰበረው ብርጭቆ፣ ለበዓል የተገዛላት ቀሚስ፣ የታመመች ጊዜ የተከፈለው የመድኃኒት ዋጋ በተቀናሽነት ሊገባ ይችላል፤ ደብተሩንም የምትጽፈው፣ የምታስቀምጠውና የምታነበው አሠሪዋ ብቻ ናት። ሠራተኛዋ ሁለት ሦስት ዓመት ያጠራቀመችው ስንቅ በሌላ ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ያድራል። በመካከል ጠብ ቢነሣና «ውጪልኝ» ብትባል ያንን ገንዘብ ለማግኘት የሚያስችላት ማስረጃ የለም፤ ለምን ዝም ብላ ትሰደባለች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ቅጥሩ ራሱ በአንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ደላላው ልጅቱን ሲያመጣ አሠሪዋ ተያዥ ትጠይቃለች፤ መታወቂያ ያለው፣ አድራሻው የሚታወቅ ሰው ቀርቦ ዕቃ ቢጠፋ ኃላፊ ነኝ ይላል። ለአሠሪዋ ተያዥ የሚጠይቅ የለም። ልጅቱ ከየት እንደመጣች በዝርዝር ሲመረመር፣ ወደ ማን ቤት እንደምትገባ፣ የት እንደምትተኛ፣ የቤቱ ወንዶች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ለእርሷ ወላጆች የሚነግራቸው አይኖርም።

የሕዝቡን አመለካከት በተመለከተ ሌላ ምሳሌ ይረዳል፤ «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይባላል። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን የተፈጠረ አነጋገር ሲሆን፣ ባለንብረቱ ራሱ የናቀውን ሌላው አያከብረውም ማለት ነው። በቤት ውስጥ የሚታየው ይኸው ነው። ሠራተኛዋ አሠሪዎቿን «እትዬ» እና «ጋሼ» እያለች ስትጠራ፣ የስድስት ዓመቱ ልጅ ግን በእናቱ ዕድሜ የምትሆነውን ሴት በስሟ ብቻ ጠርቶ «አንቺ፣ ጫማዬን አምጪ» ይላል። ይህን ከየት ተማረው ቢባል፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ እርሷ ከማዕድ ተነጥላ ወጥ ቤት ስትበላ እያየ ነው ያደገው። የግቢው ዘበኛና የሱቁ ልጅም የሚናገሯት ቤቱ በለካላት ልክ ነው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለው የተለመደ አነጋገር የማይዋጥልኝም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልጅ የሚበላው ከማዕዱ ነው፣ የሚወርሰውም ቤት አለው።

ከዐረብ አገር የሚመጣው ወሬ ግን ሁላችንንም ያስቆጣል፤ ማስቆጣቱም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስ ስትመታ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤሩት ባለው ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል፤ ምስሉን ያየ ሁሉ አዝኗል። ካፋላ የሚባለው አሠራር የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚያስር፣ ከክፉ «ማዳም» ቤት የወጣች ልጅ ወዲያውኑ ሕገወጥ ትሆናለች፤ ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አብሮ ይወድቃል። ይህም የጌታዋን በግ ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ሆኖም ይኸው አሠራር ያለባት ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 68 ለቤት ሠራተኞች የሳምንት ዕረፍት፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራና የዓመት ፈቃድ ደንግጋለች። አፈጻጸሙ ብዙ ሲያስወቅሳት ኖሯል፤ ቢያንስ ግን የሚወቀሱበት ጽሑፍ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የምትሠራ ልጅ ተጣሰብኝ ብላ የምትጠቅሰው የሥራ ሰዓት ወሰን የላትም።

አሠሪዎችን ሁሉ ጨካኝ ማድረግ ደግሞ እውነት አይሆንም። ብዙዎቹ ራሳቸው በደመወዝ የሚኖሩ፣ ሕፃን የሚያስቀምጡበት አጥተው ከደመወዛቸው ቆርሰው የሚከፍሉ ሴቶች ናቸው፤ «ሠራተኛ ጠፋ፣ ሁሉም ዐረብ አገር ሄደ» የሚለው እሮሮም ከዚሁ ጭንቀት የሚወጣ ነው።

ምሳሌው የማይናገረው ደግ ጌታም ቢሆን ለዘላለም እንደማይኖር ነው። ሃያ ዓመት በአንድ ቤት ያገለገለች፣ ልጆቹን አዝላ ያሳደገች ሠራተኛ አሠሪዋ ሲሞቱ ልጆቹ ከውጭ አገር መጥተው ቤቱን ይሸጣሉ። በአዋጅ 1156 ስሌት መሠረት ይህን ያህል ዘመን አገልግሎ በድርጅት መዘጋት የሚሰናበት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ ማለትም የ220 ቀን ደመወዝ የስንብት ክፍያ፣ በመዘጋቱም ምክንያት ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይደርሰዋል። ለእርሷ የሚደርሳት ወራሾቹ የፈቀዱት ነው። አንዳንዱ ወራሽ «እናታችን ናት» ብሎ ቤት ይከራይላታል፤ አንዳንዱ ደግሞ አልጋና ብርድ ልብስ ሰጥቶ አውቶቡስ ተራ ድረስ ይሸኛታል።